የአያ ኪሮስ አራት ጎማዎች

የደወለልኝ ሲሳይ ነው። «አባባ ዐረፉ» ብሎ ሳይጨርስ ሌላ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ገባ። «አንተ ሳትደርስ አንቀብርም፤ በጠዋቱ አውቶቡስ ና» አለኝ። ብርሃኑ ነበር። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ስልክ፣ አንዱ ከሌላው አፍ እየነጠቀ! ለአያ ኪሮስ ማልቀስ ሲገባኝ ወልዲያ መናኸሪያ አጠገብ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ። እኔ መጀመሪያ የማውቃቸው ሲሳይና ብርሃኑ እንኳን በአንድ ስልክ ሊያወሩ፣ በአንድ በር አይገቡም ነበር።

እስቲ መጀመሪያ ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። አያ ኪሮስ ሰቆጣ በውሃ ጽሕፈት ቤት ስሠራ ቤት ያከራዩኝ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የእንስሳት ጤና ረዳት ሆነው ደሃናንና ጋዝጊብላን በበቅሎ እየዞሩ ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ የወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን እጅጌው ውስጥ ሳይገቡ ትከሻቸው ላይ ጣል የሚያደርጉ። ካፖርቱ ቢያጎነብሱም አይወድቅ፣ ቢቆጡም አይወድቅ። ምን እንደያዘው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። ከእኩዮቻቸው ጋር በኽምጣንጋ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ጎረቤቶች እንደሚሉት ግን በሁለቱም ቋንቋ መልሳቸው አንድ ነው፤ «እስቲ ነገ እንየው።»

ይቺ «እስቲ ነገ እንየው» ስንቴ ደሜን አፍልታዋለች! እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ፤ ነገር ቶሎ እንዲያልቅልኝ እወዳለሁ። ጣሪያው ያፈሳል ስላቸው፣ «እስቲ ነገ እንየው።» የበሩ ቁልፍ ተበላሸ ስላቸው፣ «እስቲ ነገ።» የሚገርመው ደግሞ ሰው ሲጣላ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ መሆኑ ነው። በድንበር የተካሰሰ፣ ከሚስቱ የተኳረፈ፣ ሁሉም አያ ኪሮስ ያስታርቁን ይላል። ሁለቱንም ወገን ጸጥ ብለው ይሰሙና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው «እስቲ ነገ እንየው» ይላሉ። በማግስቱም ያው። ባላጋራዎቹ እሳቸው ግቢ ሲመላለሱ፣ ተራ ሲጠብቁ፣ በአንድ አግዳሚ ሲቀመጡ ይላመዱና ጠቡ ራሱ ይሰለቻቸዋል። ሰው «ታላቅ አስታራቂ ናቸው» ይላል። እኔ በሆዴ «መወሰን የማይችሉ ሰው ናቸው» እል ነበር።

የገዛ ልጆቻቸውን ግን ማስታረቅ ተስኗቸው ነበር። ሚስታቸው እትየ ደስታ ያረፉት በክረምት፣ ዘመድ ሊጠይቁ ደሃና እንደሄዱ ነው። የበኩር ልጃቸው ሲሳይ ሹፌር ነው። መርዶውን ሰምቶ ለሥራ ከሄደበት ከወልዲያ ሲከንፍ፣ ደሃና ሊገባ ትንሽ ሲቀረው መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ታናሹ ብርሃኑ ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ካህናቱም ቀኑ መሸ አሉ፤ ተቀበሩ። ሲሳይ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በእግሩ ሲደርስ አፈሩ ተደልድሏል። «እናቴን ሳልሰናበታት ቀበራት» አለ። ብርሃኑም «ስንት ሰው ለምኜ ያስጠበቅኩትን እኔን!» አለ። ከዚያ ወዲህ ተቆራረጡ። ሲሳይ አባቱን የሚጠይቀው ቅዳሜ ነው፣ ብርሃኑ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። በዓል ሲሆን እንኳን አንዱ ሳይወጣ ሌላው አይገባም። ሁለቱንም የምታናግር ታናሽ እህታቸው ወለላ ነበረች፤ እሷም ደሃና ገጠር ውስጥ አግብታ ርቃለች።

እንግዲህ ወደ ጎማው ልምጣ።

አያ ኪሮስ ግቢ ውስጥ አንዲት አሮጌ ፎር ዊል መኪና ነበረች። የቤተሰቡ ናት፤ ሠርጉንም ለቅሶውንም፣ የገብስ ጆንያውንም የታመመ ዘመዱንም የምትሸከም። ያን ዓመት ከፋሲካ በኋላ አራቱም ጎማዎቿ አልቀው ሸራቸው ወጣና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ወለላ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። እሷ ያለችበት መንደር ዝናብ ከጣለ አምቡላንስ የማይደርስበት ነው። አያ ኪሮስ በስልክ ቃል ገቡላት፤ «ክረምቱ ሳይገባ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ሰቆጣ ሆስፒታል ትወልጃለሽ።» እሷም አባቷን አምና ተቀመጠች። የቀረው ለክረምት የሚሆን ጎማ መምረጥ ብቻ ነው። ጎማ ለመምረጥ ስንት ቀን ይፈጃል? እንዲህ ብዬ ነበር፣ እኔ ሞኙ።

ሲሳይ ቅዳሜ መጣና «የሚያዋጣው ሰፊ፣ ጥርሱ ጥልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ ነው» አለ። ጭቃ ምን እንዳደረገው ያውቃል። ብርሃኑ እሁድ ይህን ከአባቱ ሲሰማ ሳቀ። መምህር ነው፤ ሲያስረዳ ጣቱን ያነሳል። «የደሃና ዋልካ ጥርሱ ውስጥ ይሞላና ጎማው ድቡልቡል ጭቃ ይሆናል። የሚሻለው ቀጭን ጎማ በብረት ቸርኬ ነው። ቀጭኑ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥሩ ያለውን ጠንካራ መሬት ይረግጣል፤ ቸርኬውም ድንጋይ ቢመታው በመዶሻ ይቃናል።»

አያ ኪሮስ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለሁለቱም ላኩባቸው፤ «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኑ፤ የጎማው ነገር ፊት ለፊት ይታያል።» መጡ። አንዱ ከመኪናዋ በስተቀኝ፣ ሌላው በስተግራ ቆመ። መሀል ላይ ማን ቆመ? እኔ።

«የውሃው» ይለኛል ሲሳይ፤ አባቱ ያወጡልኝ ስም ነው። «ለመምህሩ ንገረው፤ መኪና በጠመኔ አይነዳም።»

«የውሃው፣ ለሹፌሩ ንገረው፤ በጥርስ ብዛት ቢሆን አዞ ተራራ ይወጣ ነበር።»

ኧረ ወዲያ! አንዱ የሌላውን እኮ ይሰማል። እኔ አንገቴን ወዲያ ወዲህ ሳዞር፣ አያ ኪሮስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬቱን በበትራቸው ይጭራሉ። በመጨረሻ «እስቲ ነገ እንየው» አሉ። በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን። ሲሳይ እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ስለነበር ለመነሻ ሁለት ባለ ጥርስ ጎማ ከነቸርኬው ከወልዲያ ጭኖ መጣ። ብርሃኑም እልህ ይዞት ሁለት ቀጭን ከነብረት ቸርኬው አመጣ። አያ ኪሮስ የበቅሎ ጥርስ አይተው ዕድሜ እንደሚለዩት አውራ ጣታቸውን ጎድጓዳው ውስጥ እየሰደዱ መረመሩ። «ይሄኛው ገና ወጠጤ ነው» ይላሉ፤ «ይሄኛውም ጨዋ ይመስላል።» አንዱ ሊረታ ሲል ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይወረውራሉ። «ንፋሱስ? ጭቃ ላይ ጠበቅ ይበል ወይስ ይላላ?» «ውስጡ ካላማዳሪ ያለው ነው የሚሻል ወይስ የሌለው?» በቃ፣ ክርክሩ እንደገና ይነሳል። ግንቦት እንዲህ ሆኖ አለቀ፤ በአበርገሌ በኩል ሰማዩ መጥቆር ጀመረ።

እኔ መታገስ አልሆነልኝም። ቢሮ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስፈላልግ መፍትሔውን አገኘሁት። መካከለኛ ጎማ አለ! ለጭቃውም ለድንጋዩም የሚሆን፣ ጥርሱ ያልበዛ፣ ወርዱም ያልሰፋ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥዕሉን ለሲሳይ አሳየሁት፤ ዝም ብሎ አየና «ይሄስ ክፉ አይደለም» አለ። ለብርሃኑ አሳየሁት፤ እሱም ጣቱን ማንሳት ረሳ። አቤት ደስታዬ! ይሄኔ አያ ኪሮስ ከድንጋዩ ብድግ አሉ።

«ዝም በል አንተ! ማን ጠየቀህ? ሰው በሥዕል ጎማ ይመርጣል?»

እንዲህ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ሁለቱም አባታቸውን አይተው ሥዕሉን ተዉት፤ እኔም አፍሬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። ልጆቹ በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ቧንቧው ዘንድ ስታጠብ አያ ኪሮስ መጡ።

«ተቀየምክ?»

«ግራ ገባኝ እንጂ አልተቀየምኩም። ነገሩ እኮ አለቀ፤ ነገ ልንገዛው እንችላለን።»

«እሺ፣ ገዛነው። ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወለላን እናመጣለን።»

«ከነገ ወዲያ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ግቢ ማን ይመጣል?»

ቧንቧውን ዘጋሁት።

«እናታቸው ከሞተች ወዲህ እነዚህን ልጆች በአንድ አጥር ውስጥ ቆመው አላየሁም ነበር» አሉ። «አሁን በየቀኑ ይመጣሉ። ይሰዳደባሉ። ይሰዳደቡ! ስድብም እኮ ንግግር ነው። ለጊዜው በአንተ በኩል ነው የሚነጋገሩ። አንድ ቀን አንተን ይረሱህና ፊት ለፊት ይሰዳደባሉ። ያን ቀን ጎማውን እመርጣለሁ።»

«ዝናቡስ አያ ኪሮስ? ወለላስ?»

«ለወለላ እደርስላታለሁ። ቀኗ ገና ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።» ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ። «ይህን ለማንም እንዳትናገር። ለእሷማ በጭራሽ።»

እኔ ምን ልበል? ብልሃት ነው ብዬ ላድንቅ ወይስ ዕብደት ነው ብዬ ልጩህ? ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ሲገቡ ከኋላ አየኋቸው፤ የሚያደርጉትን የሚያውቁ ሰው ይመስሉ ነበር። እኔም ምስጢሩን ያዝኩ።

ዝናቡ ግን ማንንም አልጠበቀም። ያለወትሮው ቀድሞ ገባ፤ ሦስት ቀን ሳያባራ ወረደ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የወለላ ባል ደወለ። ምጥ ጀምሯታል፣ ቀኗ አልነበረም፣ ደም እየታየ ነው፣ ድረሱልን አለ። አያ ኪሮስ ስልኩን ሲሰሙ አጠገባቸው ነበርኩ። ካፖርቱ ወደቀ። ጭቃው ላይ ወደቀ፤ አላነሡትም።

ልጆቹ በየበኩላቸው ሰምተው እየሮጡ መጡ። ጎማ ለመግዛት ጊዜ የለም። ያለው የሲሳይ ሁለት ባለ ጥርስና የብርሃኑ ሁለት ቀጭን ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል» አሉ አያ ኪሮስ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ድምፅ መስሎኝ ነበር። «የብርሃኑ ከፊት፣ የሲሳይ ከኋላ ይግባ።» የገጠመልን ጎሚስታ «አያ፣ የፊቱና የኋላው ቁመቱ ካልተስማማ ፎር ዊሉን ስታስገቡት ማርሹ እርስ በርሱ ይታገላል» አለ። እኛ መሳፈር ጀምረን ነበር።

ሲሳይ ነዳ። ብርሃኑ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሀል፣ አያ ኪሮስ ከኋላ።

«የውሃው፣ ፍጥነቱን ቀንስ በለው።»

«የውሃው፣ መንገዱን ሳይሆን አፉን ይጠብቅ በለው።»

በዚያ ሰዓት እንኳን! መንገድ ላይ ያለው ወንዝ ገና መሻገሪያውን ስላልዋጠው ተሻገርን፤ ቁልቁለቱንም እንደ ምንም ወረድን። መንደርተኛው ወለላን በቃሬዛ ይዞ መንገዱ አፍ ላይ ይጠብቅ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። አባቷን ስታይ «መጣህ?» አለች፤ ሌላ አልተናገረችም። እሷ፣ ባሏና አንዲት አዋላጅ ሴት ከኋላ ገቡ፤ ተመለስን።

ዳገቱ ላይ ነው የተያዝነው። ሲሳይ ፎር ዊሉን አስገባ። የፊቱ መሬት ነክሶ ይጎትታል፣ የኋላው ዋልካውን ጠቅልሎ ይሽከረከራል፤ ከሥራችን አንድ ነገር «ቋ!» አለና መኪናዋ ወደ ጎን ተንሸራታ ገደሉ አፍ ላይ ቆመች። ብርሃኑ ዘሎ ወረደ፤ ድንጋይ ተሸክሞ የኋላውን ጎማ ሊያስደግፍ ከታች በኩል ገባ። መኪናዋ እንደገና ተንቀሳቀሰች። ሲሳይ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጮኸ።

«ብርሃኑ ውጣ! ወንድሜ፣ ውጣ ከዚያ!»

«ያዝልኝ ሲሳይ! ትንሽ ያዝልኝ!»

ድንጋዩን ሸጎጠውና ወጣ። መኪናዋ ቆመች። ከዚያ በኋላ ግን ወደፊትም አልሄደች፣ ወደኋላም አልሄደች። ወለላ እዚያው፣ ባዘነበለች መኪና ውስጥ ወለደች። እኛ ወንዶቹ ዝናቡ ውስጥ ጀርባችንን ሰጥተን ቆመናል። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሁላችንም እልል ልንል አፋችንን ከፈትን፤ አዋላጇ ግን «ደሙ አልቆም አለ!» ብላ ጮኸች።

በቃሬዛ አነሣናት። ከሰቆጣ የተጠራው አምቡላንስ የሚጠብቀው ጠጠሩ መንገድ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ዳገት ነው። ሲሳይና ብርሃኑ ከፊት ገቡ፤ አንዱ በቀኝ ትከሻው፣ አንዱ በግራው። ባሏና እኔ ከኋላ ያዝን።

«ቀስ በል ሲሳይ፣ ከፊትህ ድጥ ነው።»

«አይቼዋለሁ፤ አንተ ወደ ግራ ሳብ።»

እኔን ረሱኝ። አያ ኪሮስ ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈው ከጎናችን ይሄዱ ነበር። ልጆቻቸውን ያያሉ፣ ቃሬዛውን ያያሉ፣ ደግሞ ልጆቻቸውን ያያሉ። ፊታቸው ላይ የሚወርደው ዝናብ ይሁን እንባ፣ ከንፈራቸው የሚንቀጠቀጠው ለሳቅ ይሁን ለልቅሶ፣ እኔ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ሕፃኑም ወለላም ተረፉ፤ ወለላ ግን እንዲሁ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ተኛች፤ ከእንግዲህ ሌላ ልጅ አትወልጂም ተባለች። አያ ኪሮስ በየቀኑ ሄደው ከክፍሏ ውጭ ይቀመጣሉ፤ ገብተው ብዙም አይናገሩም። ሲሳይና ብርሃኑ ምሳዋን በተራ ያመላልሳሉ፤ አንዳንድ ቀን አብረው። መኪናዋን በትራክተር አስጎትተው ግቢ አመጧትና ድንጋይ ላይ መልሰው አስቀመጧት፤ ማርሿ ተበልቷል። ከዚያ ወዲህ ባላጋራ ሲመጣ አያ ኪሮስ «እኔ ተውኩት፤ ወደ ሌላ ሽማግሌ ሂዱ» እያሉ ይመልሱ ጀመር። «እስቲ ነገ እንየው» የሚል ከአፋቸው አልወጣም። ማን ያምናል? ያቺ «ነገ» ናፈቀችኝ።

ወደ ወልዲያ ተዛውሬ ስሰናበታቸው እጄን ይዘው አልለቅ አሉ። «የውሃው፣ አንተ ታውቃለህ። አንተው ፍረድ።»

«እኔ ምን ዐውቄ ልፍረድ አያ ኪሮስ?»

«ሁለቱን አገኘኋቸው፤ እሷን ለጥቂት ልቀብራት ነበር። ይሄ ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ?»

መልሴን አልጠበቁም፤ እጄን ለቀቁኝ።

ለቀብራቸው ስደርስ እውነትም ጠብቀውኝ ነበር፤ ሬሳው ሳይወጣ፣ ካህናቱም ቆመው። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ሲሳይና ብርሃኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰው ለቀስተኛ ይቀበላሉ። መኪናዋ እዚያው ጥጉ ላይ ናት፤ ከፊት ሁለት ቀጭን፣ ከኋላ ሁለት ባለ ጥርስ። እሷን እያየሁ ስቆም ወለላ አጠገቤ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «እነሱን አልጠየቅኋቸውም፤ አያውቁም። አንተ ግን አብረኸው ነበርክ። አባቴ ያን ጎማ ሳይመርጥ ክረምቱ የገባበት መምረጥ አቅቶት ነው ወይስ ዐውቆ?»

ዐውቆ ነው ብላት አባቷን ከመቃብር አውጥቼ እንደገና እገድልባታለሁ። ወንድሞቿም የታረቁበትን ዋጋ ይሰማሉ። አቅቶት ነው ብላት ደግሞ እዋሻታለሁ፤ ያን ሁሉ የከፈለች እሷ ናት፤ እውነቱ ይገባታል። ምን አለበት አያ ኪሮስ፣ ይህንን ለእኔ ባይተዉልኝ? አፌን ስከፍት የወጣው የእኔ ቃል አልነበረም።

«እስቲ ነገ እንየው፣ ወለላ።»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ብዙ አየችኝ። ከዚያ መኪናዋን አየች፤ ከዚያ ወንድሞቿን።

«ገባኝ» አለች።

ምን እንደገባት አልጠየቅኳትም። ሄዳ በሲሳይና በብርሃኑ መሀል ተቀመጠች። ሲሳይ የጋቢውን ጫፍ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ብርሃኑም በወዲያ በኩል ሳበላት።